«ማን ላከህ?»፦ ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ያልተቋጨው የመስበክ ሥልጣን ጥያቄ

በጅቡቲ ከተማ እሑድ የሥራ ቀን ነው። አገሪቱ የምታርፈው ዓርብና ቅዳሜ ስለሆነ፣ ለቅዳሴ የሚነሣ ኢትዮጵያዊ ወይ በማለዳ ጸልዮ ወደ ሥራው ይገሠግሣል፣ ወይ ከአሠሪው ፈቃድ ይለምናል። ወደቡ ላይ ጭነት የሚጠባበቅ የከባድ መኪና ሾፌር፣ በሰው ቤት የምታገለግል ወጣት፣ ሱቅ ከፍቶ ልጆች ያሳደገ ነጋዴ፤ የከተማዋ ክርስቲያን በአብዛኛው እንዲህ ያለ ከሌላ አገር የመጣ ሰው ነው። ከሕዝቡ 94 በመቶ ያህሉ የሱኒ እስልምና ተከታይ በሆነባት አገር ቁጥሩ ትንሽ ነው።

ይህ ጥቂት ምእመን ግን ትልቅ ጥያቄ ይዞ ይኖራል። በፊቱ ቆሞ የሚሰብክለትና ልጆቹን የሚያስተምርለት ሰው ሥልጣኑን ከየት አገኘው? ከጳጳስ አንብሮተ እድ? ከጉባኤው ምርጫ? ከመምህሩ ምስክርነት? ወይስ ከአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር መዝገብ? በሰፊዋ ኢትዮጵያ ጥያቄው ሲነሣ በፖለቲካ፣ በብሔርና በቋንቋ ተጠቅልሎ ይመጣል። በጅቡቲ መጠቅለያው ስስ ነው። ስለዚህ ከዚህች ከተማ ተነሥቶ ወደ ኋላ መመልከት፣ አዲስ አበባ ላይ ሆኖ ከመመልከት ይልቅ አንድ ነገር አጉልቶ ያሳያል፦ በአካባቢያችን የመስበክ ሥልጣን በሃይማኖት ቀኖና ብቻ ተወስኖ አያውቅም። ከቀኖናው ጎን ሁልጊዜ መዝገብ የያዘ መንግሥት፣ ከመንግሥቱም ጎን ቃሉን በሚገባው ቋንቋ መስማት የሚሻ ሕዝብ አለ።

በሌላው ጥላ ሥር

የጅቡቲ ሕገ መንግሥት እስልምና የመንግሥት ሃይማኖት መሆኑን ይደነግጋል፤ ዜጎች በሃይማኖታቸው ምክንያት ልዩነት እንደማይደረግባቸውም ያውጃል። ሙስሊም ያልሆኑ የሃይማኖት ተቋማት በአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር መመዝገብ አለባቸው፤ ከዚያ በፊትም ማንነታቸው ይጣራል። ከውጭ የሚመጣ ካህን ወይም ሰባኪ የመኖሪያ ፈቃድ ማውጣት ይኖርበታል። የካቶሊክ፣ የፕሮቴስታንት፣ የግሪክ ኦርቶዶክስ እና የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት በዚህ መንገድ ታውቀው ይሠራሉ። ሰውን ወደ ሌላ እምነት መጥራትን በቀጥታ የሚከለክል ሕግ የለም፤ ነገር ግን ባለሥልጣናት በአደባባይ ሲደረግ ማየት አይፈልጉም። ስብከቱ ከግቢ አይወጣም።

ከዝርዝሩ የጎደሉ አሉ። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የሚያወጣው የሃይማኖት ነፃነት ዘገባ እንደገለጸው፣ የኢትዮጵያ ፕሮቴስታንት ጉባኤዎች በራሳቸው ስም አልተመዘገቡም፤ የሚያመልኩት በተመዘገበ ሌላ ተቋም ጥላ ሥር ሆነው ነው። ነገሩ የጽሕፈት ቤት ጉዳይ ይመስላል፤ አይደለም። ፕሮቴስታንታዊው ትውፊት መጋቢን የሚጠራው እግዚአብሔር፣ ጥሪውን የሚያጸድቀው ደግሞ ጉባኤው ነው ይላል። በጅቡቲ ግን ጉባኤው የጠራው መጋቢ የሚቆመው ሌላ ቤተ ክርስቲያን በተመዘገበችበት ስም ነው። ባለ ጥላዋ ቤተ ክርስቲያን አንድ ቀን በትምህርቱ ወይም በአሠራሩ ባትስማማ፣ የጉባኤው ምርጫ ብቻውን አያቆመውም። ሥልጣኑ የውሰት ነው ማለት ይቻላል።

ለፍትሕ ሲባል መነገር ያለበት፣ ቁጥጥሩ በክርስቲያኖች ላይ ብቻ የተጣለ አለመሆኑ ነው። እአአ በ2014 የወጣ ድንጋጌ የመስጊድ ኢማሞችን በሙስሊሞች ጉዳይ ሚኒስቴር ሥር የመንግሥት ሠራተኞች አድርጓቸዋል። የዓርቡን ኹጥባ የሚያሰማው ሰው በሕግ ፊት ደመወዝተኛ ነው። እንዲያውም ከዚህ አንጻር ሲታይ ክርስቲያኖቹ ሰባኪያቸውን በራሳቸው የመምረጥ የተሻለ ስፋት አላቸው፤ መንግሥት ይመዘግባቸዋል እንጂ አይቀጥራቸውም።

ለካቶሊኮች ጉዳዩ ይቀላል። ጳጳሱን ሮም ትሾማለች፤ እርሱ የሞቃዲሾን ሀገረ ስብከትም በአስተዳዳሪነት ይዟል። ማን ላከህ ቢባል መልሱ አንድ መስመር ነው። ለኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናንም መልሱ ለረጅም ጊዜ እንዲሁ አጭር ነበር፦ ቅዱስ ሲኖዶስ። መልሱ መርዘም የጀመረው በአገር ቤት ነው።

የወሊሶው ሹመት

በአማርኛና በግእዝ «ሀገረ ስብከት» የምንለው ቃል በጥሬው የስብከት አገር ማለት ነው። ቃሉ ምድርንና ስብከትን ያስራል። ጳጳስ የሚሾመው ለተወሰነ አገር ነው፤ ከዚያ ወጥቶ በሌላው አገር እንዳይሾም ጥንታዊው ቀኖና ይከለክለዋል። እንግዲህ በዚያ አገር ያለው ሕዝብ የሚሰበክበትን ቋንቋ ባይሰማስ? የወሊሶው ጉዳይ የተነሣው ከዚህ ነው።

ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. በአቡነ ሳዊሮስ የተመሩ ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት በወሊሶ ሀሮ በዓለ ወልድ ቤተ ክርስቲያን 26 ኤጲስ ቆጶሳትን ሾሙ። ያቀረቡት ምክንያት የኦሮሞ ምእመናን በቋንቋቸው አልተገለገሉም፣ በዚህም ምክንያት ቤተ ክርስቲያኒቱን እየተዉ ነው የሚል ነበር። ቅዱስ ሲኖዶስ ጥር 18 ቀን ሿሚዎቹንም ተሿሚዎቹንም አወገዘ። በቀጣዮቹ ቀናት አዲሶቹ ተሿሚዎች በአንዳንድ ቦታዎች ወደ አህጉረ ስብከት ጽሕፈት ቤቶች ሲገቡ ግጭት ተነሣ፤ ጥር 27 ቀን በሻሸመኔ የሰው ሕይወት ጠፋ። ሲኖዶሱ ሰላማዊ ሰልፍ ጠራ፣ መንግሥት ከለከለ፣ የማኅበራዊ መገናኛ አውታሮች ተዘጉ። የካቲት 8 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በተገኙበት ስምምነት ተደረሰ፤ ሦስቱ ሊቃነ ጳጳሳት ወደ ቀድሞ ቦታቸው፣ ተሿሚዎቹም ወደ ቀድሞ ማዕረጋቸው እንዲመለሱ ተወሰነ።

ብዙው ዘገባ ያተኮረው በፖለቲካው ላይ ነበር፤ የሚያስደንቅም አይደለም። የቀኖናው ክርክር ግን የራሱ ክብደት አለው። በጥንታዊው ሥርዓት አንድ ኤጲስ ቆጶስ ቢያንስ በሁለት ወይም በሦስት ጳጳሳት እጅ ይሾማል። የወሊሶዎቹ አባቶች ይህን ቁጥር አሟልተዋል። የጎደላቸው የሲኖዶሱ ውሳኔና የፓትርያርኩ ፈቃድ ነበር። ስለዚህ ጥያቄው እጁ ሐዋርያዊ ነው ወይስ አይደለም የሚል ሳይሆን፣ ሐዋርያዊ እጅ ብቻውን ይበቃል ወይ የሚል ሆነ። ሲኖዶሱ አይበቃም አለ። በእኔ አመለካከት በዚህ ነጥብ ላይ ሲኖዶሱ ጠንካራ መሠረት ነበረው፤ ሦስት ጳጳሳት በተስማሙ ቁጥር አዲስ የሥልጣን ሐረግ የሚፈጠር ከሆነ ሲኖዶስ የሚባል ነገር አይኖርም። ነገር ግን ሿሚዎቹ ያነሡት የቋንቋ አቤቱታ በውግዘቱ አልተመለሰም። ራሱ ስምምነቱም ይህን አምኗል፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋ የሚሰጠው አገልግሎት እንዲጠናከርና ለዚሁ በጀት እንዲመደብ ቃል ተገብቷል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ሲኖዶሱ ዘጠኝ ኤጲስ ቆጶሳትን ሲሾም፣ አብዛኞቹ ለኦሮሚያና ለደቡብ አህጉረ ስብከት የተመደቡ ነበሩ።

በዚያው ሐምሌ በአክሱም ሌላ ሹመት ተፈጸመ። በጦርነቱ ወቅት ሲኖዶሱ ድምፁን አላሰማልንም ብለው «መንበረ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን» በሚል መዋቅር የተለዩት የትግራይ አባቶች የራሳቸውን ኤጲስ ቆጶሳት ሾሙ፤ ሲኖዶሱም አወገዛቸው። የመንበሩ ስም መምረጥ ራሱ መልእክት ነው። ከሣቴ ብርሃን አባ ሰላማ የተባለው ፍሬምናጦስ በአራተኛው መቶ ዘመን በእስክንድርያው አትናቴዎስ እጅ ተሹሞ ወደ አክሱም የመጣ የመጀመሪያው ጳጳስ ነው። የሥልጣኑ ምንጭ ከአዲስ አበባ በፊት አክሱም ነበር የሚል ክርክር በስሙ ውስጥ ተቀምጧል።

ታሪክ የሚያነብ ሰው እዚህ ላይ ፈገግ ሳይል አይቀርም። ከፍሬምናጦስ ጀምሮ ለአሥራ ስድስት መቶ ዓመታት ያህል ኢትዮጵያውያን ራሳቸው ጳጳስ እንዳይሾሙ ተከልክለው ኖረዋል። ክልከላው የተመሠረተው ኢትዮጵያውያን ከመካከላቸው ጳጳስ እንዳይሾሙ በሚያዝና ለኒቅያ ጉባኤ በስሕተት በተሰጠ ቀኖና ላይ ነበር፤ ፍትሐ ነገሥትም ይዞታል። በ1921 ዓ.ም. አራት ኢትዮጵያውያን በካይሮ ጳጳሳት ሲሆኑ፣ ሌላ ጳጳስ እንዳይሾሙ ተገድበው ነበር። ከአራቱ አንዱ አቡነ ጴጥሮስ በፋሺስቶች ጥይት ሰማዕት ሆኑ፤ ሌላው አቡነ አብርሃም በ1930 ዓ.ም. በጣሊያኖች ድጋፍ የቤተ ክርስቲያኒቱ መሪ ተባሉ፣ እስክንድርያም አወገዘቻቸው። ከነፃነት በኋላ በ1940 ዓ.ም. ከግብፅ ጋር ስምምነት ተደረገ፤ ሰኔ 21 ቀን 1951 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ ሆኑ። የዛሬው ሲኖዶስ የሚጠብቀው ሥልጣን፣ ትናንት «ሕዝባችን በራሱ አባቶች ይመራ» በሚል ክርክር የተገኘ ነው። ወሊሶና አክሱም ያሉ አባቶች ያንኑ ክርክር ወደ ሲኖዶሱ መልሰው አዞሩት። ይህ ክርክራቸውን ትክክል አያደርገውም፤ ሲኖዶሱ በውግዘት ብቻ ሊዘጋው የማይችለው ለምን እንደሆነ ግን ያስረዳል።

ያልተካነ መምህር

እስካሁን የተናገርነው ስለ ሹመት ነው። ማስተማር ግን በዚህች ቤተ ክርስቲያን ከሹመት ጋር ሁልጊዜ አብሮ አልሄደም። በአብነት ትምህርት ቤት የንባብ፣ የዜማ፣ የቅኔና የመጻሕፍት መምህር ሥልጣኑን የሚያገኘው ከመምህሩ ነው። «ከማን ተማርህ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ የመምህሩን ስም፣ የመምህሩንም መምህር ይቆጥራል። ቅስና የሌለው ደብተራ ቄሶችን ያስተምራል። ዓይነ ስውሯ የጎጃም የቅኔ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ሴት በመሆናቸው ክህነት ሊቀበሉ አይችሉም ነበር፤ በጉባኤያቸው ግን ወንዶች ተማሪዎች ቅኔ ተቀኝተዋል። ይህ ጎን ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ስለ ሥልጣን ሲነሣ ሁሉም ዓይኑን ወደ ጳጳሳቱ ያዞራል።

ሃያኛው መቶ ዘመን ሲያልቅ ሌላ ዓይነት ያልተካነ መምህር መጣ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪው። በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው ማኅበረ ቅዱሳን በአብዛኛው ከምእመናን የተውጣጣ ሆኖ ሳለ መጽሔት፣ ጋዜጣና የግቢ ጉባኤ ይዞ የማስተማሩን ሥራ በሰፊው ያዘ። በሌላ ወገን በመድረክና በካሴት የታወቁ ሰባክያን ተነሡ። በመካከላቸው ማን ትክክለኛውን ትምህርት እንደሚያስተምር የከረረ ክርክር ተነሣ፤ ሲኖዶሱ በግንቦት 2004 ዓ.ም. በተሐድሶ ኑፋቄ የከሰሳቸውን ግለሰቦችና ማኅበራት አወገዘ። ከዚያ ወዲህ በየአጥቢያው መድረክ ለመቆም የሚጠየቀው የፈቃድ ደብዳቤ ክብደት ጨመረ። የአብነቱ «ከማን ተማርህ?» ቀስ በቀስ «ደብዳቤህ የታለ?» ወደሚል ተለወጠ። ማኅተም ያለው ወረቀት ከሊቅ ምስክርነት ይልቅ ለመቆጣጠር ይቀላል፤ የሚለካው ግን ዕውቀትን አይደለም።

ፈቃድ ያልጠበቁት

ወንጌላውያኑ ጋ ታሪኩ የሚጀምረው ከክልከላ ነው። በባርነት ተሽጦ በምጽዋ ነፃ የወጣው አናሲሞስ ነሲብ፣ በአስቴር ጋኖ እርዳታ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መልሶ እአአ በ1899 አሳተመ። ወደ ወለጋ ከተመለሰ በኋላ ግን ተከሰሰ፤ አቡነ ማቴዎስ እንዲሰደድ ፈለጉ፣ ዐፄ ምኒልክ ወደ ነቀምት እንዲመለስ ግን እንዳያስተምር ፈረዱ። የመስበክ ፈቃድ በደብዳቤ ያገኘው እአአ በ1916 ከልጅ ኢያሱ ነው። እዚህ ላይ የሚታየው ጳጳሱ ከሳሽ፣ ንጉሡ ዳኛ፣ ፈቃዱም የቤተ መንግሥት ወረቀት መሆኑ ነው።

በወላይታ ደግሞ ወረቀቱም ሰጪውም ጠፋ። ጣሊያኖች የሱዳን ኢንተሪየር ሚሽን መልእክተኞችን ሲያስወጡ የተጠመቁት አማኞች 48 ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ ሆነው አገኟቸው። የሰበከው ማን ነበር? በአብዛኛው ገበሬ፤ ጥቂት የተተረጎሙ የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍሎችን የያዘ፣ ማንም ያልካነው። የአገሪቱ ወንጌላውያን ስለ ጥሪና ስለ ጉባኤ የሚናገሩት ሁሉ ከዚህ ትዝታ ኃይል ያገኛል።

መንግሥት ግን መዝገቡን አልተወም። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮኖች ደንብ አገሪቱን ለሚሲዮን ስብከት በተፈቀዱና ባልተፈቀዱ አካባቢዎች ከፈለ፤ ለማስተማሪያነትም አማርኛን አዘዘ። የሙሉ ወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን የምዝገባ ጥያቄዋ ተቀባይነት አጥቶ፣ በ1964 ዓ.ም. አባሎቿ በአዲስ አበባ ለአምልኮ በተሰበሰቡበት በጅምላ ታሰሩ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በበኩሏ ፓትርያርክ በተሾመበት በዚያው በ1951 ዓ.ም. በብሔራዊ ደረጃ ተመሠረተች፤ ሴቶች ቄስ ሆነው እንዲሾሙ ከውሳኔ የደረሰችው ግን እአአ በ1997 ነው። አስቴር ጋኖ ለኦሮምኛው መጽሐፍ ቅዱስ ከደከመች አንድ መቶ ዓመት ሊሞላ ሲል ማለት ነው።

ዛሬ ችግሩ ተገልብጧል። የከለከለ የለም፤ ሁሉም ይሰብካል። ነቢይና ሐዋርያ ነኝ የሚል ሰው አዳራሽ ተከራይቶ፣ የቴሌቪዥን ሰዓት ገዝቶ ይቆማል፤ ጥሪው የግሉ ስለሆነ የሚጠይቀው ጉባኤም የለም። በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የወንጌል አማኞች አብያተ ክርስቲያናት ካውንስል ሥርዓት ያስይዛል ተብሎ ተስፋ ተጥሎበታል። ይሁን እንጂ በጥሪ የሚያምን ትውፊት ጥሪን የሚመረምር መሥሪያ ቤት ሲያቆም፣ ከራሱ ጋር መታገሉ አይቀርም።

የጎረቤቶች መንገድ

መንግሥት በዚህ ክፍተት ሲገባ ምን እንደሚሆን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ኤርትራ እአአ በ2002 ከአራት እምነቶች በቀር የሌሎቹን የአምልኮ ቦታዎች ዘጋች፤ ከታወቁት አንዷ የሆነችው የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ አቡነ አንጦንዮስም ከመንበራቸው ተነሥተው እአአ በ2022 እስካረፉበት ድረስ በቁም እስር ቆዩ። መታወቅ ከለላ አልሆነም። ሩዋንዳ እአአ በ2018 ባወጣችው ሕግ የሃይማኖት መሪዎች በሃይማኖት ትምህርት ዲግሪ እንዲኖራቸው ጠየቀች፤ በሺህ የሚቆጠሩ የአምልኮ ቦታዎችንም ዘጋች። የሩዋንዳውን ሕግ ለማውገዝ የሚቸኩል ሰው ግን ኬንያን ማስታወስ አለበት። እአአ በ2023 በሻካሆላ ጫካ በአንድ ሰባኪ ትምህርት ራሳቸውን በረኃብ የቀጡ ከ400 በላይ ሰዎች አስከሬን ተገኝቷል። ሰባኪው ማን ላከህ ብሎ የሚጠይቀው አካል አልነበረበትም።

በጅቡቲ የሚቀረው

የአገር ቤቱ መከፋፈል ወደ ውጭ ሲሻገር ምን መልክ እንደሚይዝ በሌላ ቦታ ታይቷል። አቡነ መርቆሬዎስ በስደት በነበሩበት ዘመን በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ለሦስት ተከፍለው ነበር፦ የአዲስ አበባውን ሲኖዶስ የሚቀበሉ፣ የስደተኛውን የሚቀበሉ፣ «ገለልተኛ» የተባሉ። ልዩነቱ በቅዳሴ ላይ በሚጠራው የፓትርያርክ ስም ይታወቅ ነበር። ሁለቱ ሲኖዶሶች በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ታረቁ፤ ገለልተኛ ሆኖ መኖርን የለመደ አጥቢያ ግን በአንድ ቀን አይመለስም።

በጅቡቲ ለገለልተኛ ቦታው ጠባብ ነው። በዋሽንግተን የተጣላ ወገን ሌላ አዳራሽ ተከራይቶ በራሱ ስም ይመዘገባል። በጅቡቲ የሚወጣ ወገን ቢኖር መዝገቡ ላይ ያለው ስም ከነበረው ተቋም ጋር ይቀራል፤ የሚወጣው ያለ ስም ነው። ስለዚህ በዚህች ከተማ የሲኖዶስ ክርክር በቀላሉ ወደ ማን ያጠምቃል፣ ማን ያጋባል፣ ማን ይፈታል ይወርዳል። የሞተ ሰው በእንግድነት አገር የሚቀበርበት ሥርዓት ለነገ የሚባል አይደለም።

ይህ ጥበት ሰላምም ያመጣል፤ ሰዎች እንዲቻቻሉ ያስገድዳል። ዋጋው ግን አለው። የኢትዮጵያ ወንጌላውያን ጉባኤዎች በራሳቸው ስም የመመዝገብ ዕድል እስካላገኙ ድረስ መጋቢያቸውን በሙሉ ነፃነት መረጡ ማለት አይቻልም። የኦርቶዶክሱ ምእመንም ካህን የሚላክለት አዲስ አበባ የሚወስነውን ተከትሎ ነው፤ በየካቲቱ ስምምነት የተገባው የቋንቋና የበጀት ቃል በሥራ ላይ መዋሉ ወይም አለመዋሉ እስከ ወደቡ ድረስ ይሰማል። በድሬዳዋና በሐረርጌ በኩል አድርጎ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ሕዝብ ሁሉም አማርኛ አፉን የፈታ አይደለምና።

እስከዚያው ድረስ ስልክ አለ። ከጋላፊ ኬላ ወደ ወደቡ በሚወስደው የበረሃ መንገድ ላይ የሚጓዝ ሾፌር የሚያዳምጠውን ሰባኪ የሚመዘግብ ሚኒስቴር፣ የፈቃድ ደብዳቤ የሚጠይቅ ሀገረ ስብከት የለም። የሚመርጠው ራሱ ነው፤ ሲሰለቸው ይዘጋዋል። እሑድ ጠዋት ከተማ ሲደርስ ደግሞ ጫማውን አውልቆ ይገባል፤ ሲኖዶስ የላከው ቄስ ፊት ይቆማል፣ መስቀሉን ይሳለማል፣ ከዚያም ጭነቱ ደርሶ እንደሆነ ለማየት ወደ ወደቡ ይሄዳል።